ትዝታሽ አላታለለሽም፤ መጀመሪያ ቅንብሩን አስተካክዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባጭሩ ያልሽው ይህ ነው፦ ልጅ ሆነሽ ኮምቦልቻ፣ አባትሽ ቤት ባስገቡት ኮምፒውተር ላይ ዴንጀረስ ዴቭና ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ የሚባሉ ጌሞች ትጫወቺ ነበር። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ናፈቁሽና ላፕቶፕሽ ላይ ከፈትሻቸው። ብዙም ሳትቆዪ ሰለቹሽ። አሁን "ትዝታዬ ነው እንዴ ያታለለኝ? ወይስ አሮጌ ኮምፒውተር ፈልጌ ልግዛ?" ብለሻል። ፍሎፒዎቹም፣ ያኔ ፋይል የሚቀመጥባቸው ዲስኮች፣ እናትሽ ቤት ካርቶን ውስጥ አሉ።

አብሽሪ፣ ትዝታሽ አላታለለሽም። እኔ ያደግኩት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ወደነዚያ ጌሞች ከተመለስኩ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ፤ ዛሬም ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ተመልሰው ከሚሰለቹት ሰዎች ብዙዎቹ የሚጫወቱት ያኔ የተጫወቱትን ጌም አይደለም። ስሙ ያው ነው። ፍጥነቱ ግን ሌላ፣ የምስሉ ቅርጽ ሌላ፣ አጠገብ የሚቀመጠውም ሰው የለም።

ከምስሉ ልጀምር። የዚያ ዘመን የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት) ጌሞች አብዛኞቹ የተሳሉት በ320 በ200 ነጥብ ነው። የድሮው ሞኒተር ደግሞ ወርዱና ቁመቱ 4 ለ 3 ነበር። ስለዚህ እያንዳንዷ ነጥብ ስክሪኑ ላይ ቁመቷ ከወርዷ ይበልጥ ነበር። ሠዓሊዎቹም ይህን አስበው ነው የሳሉት። አሁን ያለሽ ላፕቶፕ ሰፊ ነው። ምስሉን ከጎን ወደ ጎን ከለጠጠው የፕሪንሱ ልዑል ይወፍራል፤ ነጥቦቹን እኩል አድርጎ ካሳየውም ይደፈጠጣል። ያኔ ያየሽው ልዑል ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ነበር። "የሆነ ነገር ልክ አይደለም" ብሎሽ ከሆነ ዓይንሽ ልክ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዶስቦክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የድሮውን ኮምፒውተር አስመስሎ የሚሠራ። የዛሬው 64 ቢት ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራም በራሱ አይከፍትም፣ ለዚያ ነው ይህ የሚያስፈልግሽ። የቅንብር ፋይሉን ክፈቺና "አስፔክት" (aspect) የሚለውን መስመር ወደ "ትሩ" (true) ቀይሪው። ፍጥነቱ ካልጣመሽ ኮንትሮልን ይዘሽ ኤፍ11 ስትጫኚ ይቀንሳል፣ ኤፍ12 ይጨምራል። የዚያ ዘመን አንዳንድ ጌሞች ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከኮምፒውተሩ ፍጥነት ስለነበር፣ ዛሬ ዝም ብለሽ ከለቀቅሻቸው ይከንፋሉ። ጆሮሽን ተጠቀሚ። ያኔ ከኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ የሚወጣው የጢጥታ ዜማ ጆሮሽ ከሚያስታውሰው ጋር እስኪገጥም ድረስ አስተካክዪ።

አንድ ትንሽ ነገር ግን ብዙ ሰው የምታስቆጣ ልጨምር። ፕሪንስ ላይ ሺፍትን ደጋግመሽ ትጫኛለሽ፤ ለመንጠልጠልም፣ በጥንቃቄ ለመራመድም። ዊንዶውስ ደግሞ ሺፍት አምስት ጊዜ ሲነካ "ስቲኪ ኪስ" የሚል መስኮት ያወጣል። ልክ ገደል ጫፍ ላይ ሆነሽ! ከሴቲንግ ገብተሽ አጥፊው።

አሁን ወደ ጌሙ። ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያን የሠራው ጆርዳን ሜክነር ነው፤ መጀመሪያ የወጣው በፈረንጆቹ 1989 ለአፕል ቱ ኮምፒውተር ነበር። ሜክነር ታናሽ ወንድሙን ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀርጾ፣ እንቅስቃሴውን ከቪዲዮው ላይ ነው የገለበጠው። ልዑሉ ክብደት ያለው ሰው የሚመስለው ለዚህ ነው። ሲሮጥ ድንገት አይቆምም። ለረጅም ዝላይ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ስልክ ላይ የለመደ ጣት ይህን "ዘገምተኛ" ይለዋል። እኔ ግን ትልቁ ውበቱ ይህ ነው እላለሁ። ልጅ ሆነን እርምጃ ቆጥረን ነበር የምንዘለው፣ ታስታውሻለሽ? አንድ እርምጃ ወደኋላ፣ ከዚያ ሩጫ። ያ ነገር እጅሽ ውስጥ አለ፤ ጊዜ ስጪው ብቻ። ጌሙ ራሱ ልዕልቲቱን ለማዳን የሚሰጥሽ 60 ደቂቃ ነው፣ በ12 ደረጃ። ለአስር ደቂቃ ከፍቶ መዝጋት አይሆንለትም። ማታ ሥራ ከጨረስሽ በኋላ ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪና ሙሉ ሰዓት ስጪው።

ዴቭ ለአጭር ጊዜ ይሻላል። ዋንጫውን ያዢ፣ በሩ ይከፈታል፣ ውጪ። 10 ደረጃ ነው። የሠራው ጆን ሮሜሮ በኋላ በፈረንጆቹ 1993 ዱም የተባለውን ጌም ከሠሩት አንዱ ሆኗል። ከዴቭ ጀምሪ ብዬ እመክርሻለሁ፤ እጅሽን ያፍታታዋል።

ሌላው የጎደለሽ ነገር ሰው ነው። እኛ ሰፈር ኮምፒውተር የነበራቸው ጎረቤታችን መምህር ነበሩ። ሞኒተሩ ዳንቴል ለብሶ፣ ስታብላይዘሩ ከታች ቀይ መብራቱን አብርቶ። ቤት ሥራ ሳይሠራ የሚነካው አልነበረም። የደሴ ክረምት ታውቂዋለሽ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጅ መውጣት ሲያቅት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ነበር። በረመዳን ሌሊት እስከ ሱሑር ያስመሹን ነበር። ደንቡ አንድ ነው፦ የሞተ ይነሳል። "ሞትክ! ልቀቅ!" የሚለው ጩኸት እስከ ደጅ ይሰማል። ያለፈ ልጅ ለጀማሪው ይነግራል፤ "እዚህ ጋ አትዝለል፣ ስለቱ ሲከፈት እለፍ" እያለ። መብራት የሄደ እንደሆነ ደግሞ የሁላችንም ሰዓት እኩል ያልቃል። በዚያ ቤት አንድ ሰው ብቻውን ጌም ሲጫወት አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ብቻሽን አትክፈቺው። ልጅ ካለሽ፣ የወንድም የእህት ልጅ ካለሽ አስቀምጪያቸው፤ ተራው በሞት ይሁን። እኔ ከእህቴ ልጅ ጋር ነው የምጫወተው። ስለቱ መጀመሪያ ጊዜ ልዑሉን ለሁለት ሲከፍለው ጮኻ ወንበሩን ገፍታ ተነሳች። አሁን እኔን የምታርመኝ እሷ ናት። አንዳንድ አዳዲስ ፕሮግራሞች በየደቂቃው ሴቭ ያስደርጋሉ፤ አትጠቀሙበት። ፍርሃቱ ከሌለ ደስታውም ይቀንሳል።

አሮጌ ኮምፒውተር ልግዛ ላልሽው፣ ለጊዜው አትግዢ። የዚያ ዘመን ፔንቲየም ኮምፒውተር ቢገኝ እንኳ የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች ደርቀው፣ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ሊሆን ይችላል። የድሮ ሞኒተር ደግሞ ከባድ ነው፣ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ይዘሽው መውጣት ራሱ ሥራ ነው። ውስጡንም እንዳትከፍቺ፤ ተነቅሎም ቢሆን ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ቅድሚያ በነፃ ሞክሪ። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ድረ ገጽ ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2015 ጀምሮ ወደ 2,400 የሚጠጉ የዶስ ጌሞችን ሳይጫኑ፣ በብራውዘር የሚከፈቱ አድርጓል። ጌሞቹ ትንንሽ ስለሆኑ ዳታሽን አይጨርሱም። ከወር በኋላም ፍቅሩ ካለ ያኔ ስለ ዕቃ እናውራ።

ካርቶኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በእሱ ቶሎ በይ። የመምህሩ ኮምፒውተር በ2014ቱ ጦርነት ቤታቸው ሲዘረፍ ከነፍሎፒዎቹ ሄዷል። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ፎቶውም ሰነዱም እንዲህ የጠፋበት ቤት ብዙ ነው። የእናንተ መትረፉ ትልቅ ነገር ነው። ፍሎፒ ይበላሻል፣ ግን ተስፋ አይቆረጥበትም። ሜክነር ራሱ የፕሪንስን ኮድ ጠፋ ብሎ ከተወው በኋላ፣ በፈረንጆቹ 2012 አባቱ ቤት ውስጥ ካርቶን ሲያገላብጡ ፍሎፒዎቹን አገኙ። ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጠው፣ በባለሙያ እርዳታ ተነበቡ። ኮዱም ለሁሉም ሰው ክፍት ሆነ።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ ፈልጊ። ከማስገባትሽ በፊት የፍሎፒውን ብረት በቀስታ ገፋ አድርገሽ ውስጡን እዪ፤ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፣ አታስገቢው፣ ማንበቢያውንም ያበላሽብሻል። ንጹሕ ከሆነ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ተንሸራታች ቀዳዳው እንዲታይ አድርጊያት፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ማንበብ እንጂ በላዩ መጻፍ አይችልም። ከዚያ ሁሉንም ፋይል ቅጂ፣ ጌም ያልሆነውንም ጭምር። አንድ ፍሎፒ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነው፣ ምንም ቦታ አይወስድብሽም። የአባትሽ ደብዳቤ ወይም የትምህርት ቤት ሥራሽ እዚያው ሊኖር ይችላል። አልነበብ ያለውን አትጣዪው፤ የላዩን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተሽ እዚህ ለጥፊልን፣ ምን እንደሆነ አብረን እንለያለን።