ዱር ማለት ውሃ ነው

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ነርስ በስልክ መልእክት ላከችልኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዌልስ፣ ግዊነድ ወደሚባለው አካባቢ ተቀጥራ ከመጣች ገና አራት ወሯ ነው። «ሲስተር፣ እዚህ ሁሉም ሰው እንግሊዝኛ ይችላል። ታዲያ የዌልሶቹን ቋንቋ፣ ዌልሽን፣ መማር ምን ያደርግልኛል? ጊዜዬን ባላባክን አይሻልም?»

መልስ ጻፍኩና አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ አጠፋሁ። በመጨረሻ «እደውልልሻለሁ» ብዬ ተውኩት። ይህን ጥያቄ ከ30 ዓመት በፊት እኔም ጠይቄዋለሁ። እሷ እንኳ ሰው ጠየቀች። እኔ ራሴን ጠይቄ፣ ራሴው መልሼ፣ ተኛሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ጥር 1994 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለእንግሊዝ ድንበር በቀረበች የሰሜን ዌልስ ከተማ ውስጥ አንድ ትንሽ ሆስፒታል ነበርኩ። የአጥንት ዋርድ፣ ናይት ዲዩቲ። ከተራራው ወገን፣ ከባላ አካባቢ፣ አንድ የ84 ዓመት አዛውንት መጡ። በግ አርቢ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ በረዶ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነው። የመርሳት ሕመምም ጀምሯቸዋል። ሚስት የሞተችባቸው፣ ልጅ የሌላቸው። የወንድማቸው ልጅ እሁድ እሁድ ብቻ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ላይ አዛውንቱ ጣሪያውን እያዩ «ዱር» አሉ። ቆየት ብለው እንደገና «ዱር»።

እንግዲህ የእኔ ጆሮ የአማርኛ ጆሮ ነው። ዱር ሲባል ጫካ ነው የታየኝ። ለባልደረባዬ «በእኔ ቋንቋ እኮ ጫካ ውሰዱኝ እያሉ ነው» ብዬ ነገርኳት። ተሳሳቅን። ይህን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አልጋቸው አጠገብ ሄጄ «ኢንግሊሽ፣ ፕሊስ» አልኳቸው። አልመለሱም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። እንግሊዝኛ ሲጮህ የሚገባ ይመስል! ክኒን በምሰጥበት ሰዓት በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አስውጣቸዋለሁ። ሁልጊዜ ጠጥተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ያጉተመትማሉ። ትራሳቸውን አስተካክዬ እሄዳለሁ። የውሃው ጆግ ኮመዲኖው ላይ ነው። በዳሌያቸው ምክንያት ወደዚያ መዞር አይችሉም። እኔ ግን ጆጉ ሙሉ መሆኑን አይቼ «ውሃ አላቸው» ብዬ አልፋለሁ።

ቻርታቸው ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ? «አይግባቡም። ይቃዣሉ። አይተባበሩም።» ለሕመም የታዘዘላቸው መድኃኒት «ካስፈለገ» የሚል ነበር። ነርስ የሆናችሁ ይህ ቃል ምን ያህል ሥልጣን እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። አመመኝ አላሉኝም። እኔም አላስፈለገም አልኩ።

ሦስተኛው ሌሊት ሊነጋ ሲል የጽዳት ሠራተኛዋ መጣች። ስልሳ ዓመት የሚሆናት፣ ጠንካራ ሴት ናት። መወልወያዋን እየገፋች በአልጋቸው በኩል ስታልፍ አዛውንቱ «ዱር» አሉ። ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይሄን ማለት ከጀመሩ ስንት ጊዜያቸው ነው?» አለችኝ።

«ከመጡ ጀምሮ» አልኳት።

መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደገፈችው። ከጆጉ ውሃ ቀዳች፣ እጇን ከማጅራታቸው ሥር አስገባች፣ አጠጣቻቸው። አንድ ብርጭቆ። ሁለት። ከሦስተኛው ግማሹን። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። «አይግባቡም» ብዬ የጻፍኩባቸው ሰው ሃያ ደቂቃ ሙሉ አወሩ። አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ሳቁ። እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ።

ስትጨርስ መጥታ ተረጎመችልኝ። ውሻቸውን ማን እያበላው እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ዳሌያቸው እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ውሃ ለምነው ለምነው ሰልችቷቸዋል። ስለ እኔም አንስተዋል። «ጥቁሯ ልጅ ደግ ናት፤ ምስኪን፣ ጆሮዋ ግን አይሰማም» ብለዋል።

ሦስት ሌሊት ሙሉ እኔ እሳቸውን አእምሯቸው ጠፍቷል እላለሁ፣ እሳቸው እኔን ደንቆሮ ናት ብለው ያዝኑልኛል።

ክኒን በሰጠኋቸው ቁጥር የሚያጉተመትሙትስ? «ዲዮልኽ» ነበር። አመሰግናለሁ ማለት ነው።

ሴትየዋ መወልወያዋን ስታነሳ አንድ ነገር ወረወረች። «የእኛ ውሃ ሊቨርፑል ድረስ ይሄዳል፣ ከጆግ አልጋ ግን አይደርስም።» ያን ጊዜ አልገባኝም። ኋላ ነው የተማርኩት። ባላ አጠገብ ትረዌሪን የሚባል ሸለቆ ነበር። ውስጡ ካፔል ኬሊን የምትባል፣ ሙሉ በሙሉ ዌልሽ የሚነገርባት መንደር። በ1957 የለንደን ፓርላማ እንግሊዝ ውስጥ ላለችው ለሊቨርፑል ከተማ ውሃ ይጠራቀምበት ብሎ ወሰነ። በ1965 ትምህርት ቤቱም፣ ፖስታ ቤቱም፣ ጸሎት ቤቱም፣ እርሻውም ውሃ ሥር ገባ። ዛሬም ከአበሪስትዊዝ ወደ ደቡብ ስትወርዱ መንገድ ዳር ባለ ፍርስራሽ ግድግዳ ላይ «ትረዌሪንን አስታውሱ» የሚል የቀለም ጽሑፍ ታያላችሁ።

አዛውንቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። በሚገባቸው ቋንቋ ይቅርታ እንዴት እንደሚባል አላውቅማ።

የመርሳት ሕመም ሲገፋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ኋላ የተማሩት ቋንቋ ነው። የሚቀረው የእናት ነው። በ1911 ቆጠራ ከዌልስ ሕዝብ ከመቶ 43.5 ያህሉ ዌልሽ ይናገር ነበር፤ ከእነሱም ብዙ ሺዎች ከእሱ ሌላ አያውቁም ነበር። የእኔ ታካሚ በዚያ ዘመን የተወለዱ ናቸው። «ሁሉም እንግሊዝኛ ይችላል» የሚለው ነገር እስከሚታመሙ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። በ80ዎቹ አዲስ አበባ ተማሪ ነርስ ሆኜ ሳለሁ፣ አንዲት እናት ከገጠር መጡ። ኦሮምኛ ብቻ ነው የሚናገሩት። የሚያስተረጉም ጠፍቶ ዘበኛውን ከበር ጠራን። አንዷ «አማርኛ እንኳ አይችሉም» አለች። ማናችንም አልደነገጥንም። ዛሬ ያቺ «እንኳ» ትከነክነኛለች። አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ያደገ ሰው፣ እንደ እንግሊዞቹ፣ ሌላው ወደ እሱ ሲመጣ እንጂ እሱ ወደ ሌላው ሲሄድ አልለመደም። ዌልስ መጥቼ ነው ይህን ያየሁት። አገሬ ሆኜ ማየት ነበረብኝ።

አዛውንቱ ከሄዱ በኋላ በመጣው መስከረም የማታ የዌልሽ ትምህርት ተመዘገብኩ። ኮርሱ «ውልፓን» ይባል ነበር። እስራኤል ያላችሁ ሳቁ! አዎ፣ ያው ኡልፓን ነው። ዕብራይስጥ ለአዲስ መጤዎች የሚሰጥበትን ዘዴ ዌልሶቹ በ1970ዎቹ ወስደው ለራሳቸው አደረጉት። ናታንያ ያለችው የእህቴ ልጅ ኡልፓን ስትማር፣ እኔ ውልፓን እማር ነበር። በስልክ እየተነጋገርን ማን ይበልጥ እንደተሰቃየ እንወራረዳለን።

እኔ ነኝ የበለጥኩ። ዌልሽ የቃሉን መጀመሪያ ይቀይራል። ሕመም «ፖይን» ነው። ግን እንደ አቀማመጡ «ቦይን» ይሆናል፣ «ፎይን» ይሆናል፣ «ምሆይን» ይሆናል። አንድ ሰው አራት ኮት ለብሶ እንደሚመጣ ነው። መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ «ቦይን»ን ብትፈልጉ አታገኙትም። ደግሞ ምላስን ል በምንልበት ቦታ ላይ አጣብቆ እንደ እባብ መንፋት የሚጠይቅ ድምፅ አላቸው። የእኛ ንጉሡ ሠ በጥንት ግዕዝ እንደዚያ ሳይነበብ አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ይህን ስሰማ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። አጠራሬ ግን አልተሻሻለም።

ከሰዋስው በላይ ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ዌልሽ ተናጋሪ ሰው ስትንተባተቢ ሲሰማ በትህትና ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ቆዳሽ ጥቁር ሲሆን ደግሞ አፍሽን ሳትከፍቺ ነው የሚዞረው። ስለዚህ እነሱ ሲዞሩ አንቺ አትዙሪ። «ዳል አቲ» ይላሉ፣ በርቺ፣ አትልቀቂ። በእኔ አስተያየት ይህ ከሁሉም መጽሐፍ ይበልጣል።

ዌልሶቹ ቋንቋቸውን እዚህ ያደረሱት በዋዛ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ዌልሽ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ሌላ ልጅ ሲናገር ሲሰማ ለእሱ ያስተላልፋል። ማታ እንጨቱ አንገቱ ላይ የተገኘው ይቀጣል። ልጅን በልጅ ማሰለል ማለት ነው። የመጀመሪያው በዌልሽ የሚያስተምር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1939 አበሪስትዊዝ ውስጥ የተከፈተው በ7 ልጆች ነው። ሰባት! በ1980 ደግሞ ግዊንቮር ኤቫንስ የተባለው ፖለቲከኛ የዌልሽ ቴሌቪዥን ካልተከፈተ ምግብ አልቀምስም ብሎ ዛተ። የታቸር መንግሥት እጁን ሰጠ፣ ጣቢያው በ1982 ሥራ ጀመረ።

አሁን መንግሥት በ2050 አንድ ሚሊዮን ተናጋሪ አደርሳለሁ ይላል። በ2021 ቆጠራ የተገኘው 538,000 ገደማ፣ ከመቶ 17.8 ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ያነሰ። ቅነሳው በአብዛኛው ከ3 እስከ 15 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ነው፣ ማለትም ትምህርት ቤት ባሉት። እኔ አልገረመኝም። የልጄን ትምህርት ቤት አይቻለሁ። ክፍል ውስጥ ዌልሽ፣ ደወል ሲደወል እንግሊዝኛ። ትምህርት ቤት ብቻውን ቋንቋ አያቆምም። እያልኩ እንኳ፣ ልጄ ዌልሽ የምትችለው በትምህርት ቤቱ ነው፤ እኔ በጊዜው «ለግማሽ ሚሊዮን ሰው ብሎ ቋንቋ» እያልኩ ሳጉረመርም። ስለዚህ አባባሌን እንዳለ አትቀበሉት።

የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር ስልክ ላይ መጨረስ ትወዳላችሁ። ዱኦሊንጎ ከሚባለው የቋንቋ መማሪያ አፕ አረንጓዴ ወፍ ጋር ለ200 ቀናት ሳያቋርጡ ተምረው፣ ዳቦ ቤት ገብተው አንድ ቃል የማይተነፍሱ አውቃለሁ። ይህን ለልጅ ልጄ ስነግራት፣ አምና በክረምት ከዚያችው ወፍ የተማረችውን ዌልሽ ከአውቶቡስ ሹፌሩ ጋር አወራችበት። ዝም አልኩ።

ትናንት ማታ ለወጣቷ ነርስ ደወልኩ። ዌልሽ የሚናገሩ ሠራተኞች ደረታቸው ላይ ብርቱካንማ ምልክት እንደሚያደርጉ አይታለች፤ ለጀማሪ የሚሆን እንዳለ ግን አላወቀችም ነበር። የአዛውንቱን ነገር ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እሺ ሲስተር፣ ዛሬ ናይት ነኝ፣ ለዛሬ የሚሆን ስጪኝ» አለች።

ዱር ሰጠኋት። ቦይን ሰጠኋት። ዲዮልኽ ሰጠኋት።

«የመጨረሻውን እንዴት ነው የምጽፈው? እንግሊዝኛው አያወጣልኝም።»

«በእኛው ፊደል ጻፊው» አልኳት። «የትግርኛውን ኽ አስቢ። እሱ እንግሊዞቹ ጋ የለም።»