መልስ፦ ጦሳ ተራራ ላይ ሆነን ጨለማ ቁስን ማደን አንችልም ወይ?

አብሽር ወንድሜ፣ ጥያቄህ የዋዛ አይደለም። «ደሴ ከፍ ያለች ናት፤ ጦሳ ላይ መሣሪያ ተክሎ የጠፈር ጨረር መለካት እያለ ለምን ጠፈር ድረስ ይኬዳል?» ነው ያልከው። ጨለማ ቁስ ማለት ብርሃን የማይሰጥ፣ በስበቱ ብቻ የታወቀ ቁስ ነው፤ አሻራውን የምንፈልገው ከጠፈር ጨረር ውስጥ ነው።

ጣጣው አየሩ ነው። ከጠፈር የሚመጣው ቅንጣት ገና ከላይ ከአየር ጋር ተጋጭቶ ይበታተናል። ጦሳ ላይ የሚደርስህ ስብርባሪው ነው። ወፍጮ ቤት ገብተህ ዱቄቱን ዘግነህ «ከጤፉ መሃል ስንት ፍሬ ማሽላ ነበር?» እንደማለት በለው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2011 ኤኤምኤስ የተባለውን የጠፈር ቅንጣት መለያ መሣሪያ በኢንዴቨር መንኮራኩር ወስደው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ገጠሙት። ውስጡ ትልቅ ማግኔት አለ። ኤሌክትሮን ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ፣ ቻርጁ ተቃራኒ የሆነው መንትያው ፖዚትሮን ወደ ሌላው ይታጠፋል። ክብደታቸው እኩል ነው፤ የሚያሳብቃቸው ኩርባቸው ነው። እኔን የሚጥመኝ ይቺ ነገር ናት።

ምን ተገኘ? ከ25 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ በላይ ፖዚትሮኑ ከተጠበቀው በዛ። ከ284 ገደማ በኋላ ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል። የጨለማ ቁስ ቅንጣቶች ተጋጭተው ሲጠፋፉ እንዲህ ያለ አሻራ ሊተዉ ይችላሉ። ግን ፑልሳር የሚባሉት፣ እንደ እንዝርት የሚሾሩ የሞቱ ኮከቦችም ፖዚትሮን ይረጫሉ። እኔን ከጠየቅከኝ ወደ ፑልሳሩ አደላለሁ። ገና አልለየለትም።

ተራራም ቢሆን ከንቱ አይደለም። ሜክሲኮ ውስጥ ሃውክ የሚባለው መመልከቻ ጋማ ጨረርን የሚያድነው 4,100 ሜትር ላይ ሆኖ ነው። የእኛው አቡነ ዮሴፍ ተራራ እኮ በከፍታ ይበልጠዋል!