ሳሙናው ሲበዛ ልብሱ ለምን አይነጻም?

ጥያቄ፦ «የልብስ ማጠቢያ ማሽኔ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ያጥብልኝ ነበር። አሁን ግን ፎጣዎቹ ታጥበው ከደረቁ በኋላ እንኳ ትንሽ እርጥበት ሲነካቸው ይሸታሉ። ጥቁር ልብሶች ላይ ነጭ ነጭ መስመር ይቀራል፤ ነጩ አንሶላ ደግሞ ግራጫ እየሆነ ሄዷል። ሽታውን ለማጥፋት ብዬ ሳሙናውን በእጥፍ ጨመርኩ፤ የልብስ ማለስለሻም መጠቀም ጀመርኩ። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሁልጊዜ የማጥበው በ15 ደቂቃው ፕሮግራም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ወጪው አልቀነሰም፤ ልብሱም አልጸዳም። ማሽኑን ልቀይር ወይስ ሌላ ሳሙና ልግዛ?»

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አያድርጉ። ሽታው፣ ነጩ መስመርና ግራጫው አንሶላ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ቢመስሉም አብዛኛውን ጊዜ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ወደ ማሽኑ የሚገባው ሳሙና ሥራውን ጨርሶ አይወጣም። በጥገና ሥራዬ «ማሽኑ አላጥብ አለ» ተብዬ ስጠራ አስቀድሜ የምከፍተው የሳሙናውን መሳቢያ ነው። እዚያ የጋገረና ያሟለጨ ሳሙና ካገኘሁ፣ የቀረውን ታሪክ ሳይነግሩኝ እገምተዋለሁ።

ልብስን የሚያጸዱት አራት ነገሮች ናቸው፦ ሳሙናው፣ የውሃው ሙቀት፣ ጊዜውና እንቅስቃሴው። ይህን ሐሳብ በግልጽ ያስቀመጠው ኸርበርት ሲነር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው፤ በሙያችን ዛሬም ድረስ የምንመራበት ነው። ከአራቱ አንዱን ሲቀንሱ ከቀሪዎቹ አንዱን መጨመር አለብዎት። እርስዎ ቀዝቃዛ ውሃ በመምረጥዎ ሙቀቱን ቀነሱ፤ በ15 ደቂቃው ፕሮግራም ጊዜውን ቀነሱ፤ የጎደለውን ሁሉ በሳሙና ለመሙላት ሞከሩ። የሳሙናው ብዛት ደግሞ አራተኛውን፣ እንቅስቃሴውን፣ ወሰደው። በሩ ከፊት ለፊት በሚከፈት ማሽን ልብሱ የሚጸዳው ከከበሮው አናት እየወደቀ ውሃው ላይ ሲመታ ነው። አረፋ ከበዛ ልብሱ አረፋው ላይ በቀስታ ያርፋል እንጂ አይመታም። ውሃ የሚያስወጣው ፓምፕም የተሠራው ለውሃ ነው፤ አረፋን በደንብ መግፋት አይችልም። ብዙ ማሽኖች አረፋ መብዛቱን ሲያውቁ ተጨማሪ ማለቅለቅ ያደርጋሉ። እጥፍ ያደረጉት ሳሙና በዚህ መንገድ ውሃና ኤሌክትሪክም ያስጨምራል።

ሳሙና ከሚበቃው በላይ ሲበዛ ለምን እንደማይጠቅም ላስረዳ። የሳሙናው ቅንጣት አንዱ ጫፉ ቅባት ይይዛል፤ ሌላው ጫፉ ውሃ ይወዳል። ቅንጣቶቹ ቅባቱን ከበው ከጨርቁ ካነሱት በኋላ ውሃው ይዟቸው ይሄዳል። ላለው እድፍ የሚበቃ ሳሙና ከገባ በኋላ የሚጨመረው የሚይዘው ቅባት የለም፤ ሥራው መታለቅለቅ ብቻ ነው። የዛሬ ማሽኖች በጥቂት ውሃ ስለሚያለቀልቁ ትርፉ በጨርቁ ክሮች መካከል ይቀራል። እዚያም የሰውነት ቅባትና አቧራ እየያዘ ነጩን ያጠይማል፤ ባክቴሪያም ይራባበታል። ጥቁር ልብስ ላይ የሚያዩት ነጭ መስመር ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃና በአጭር ጊዜ መሟሟት ያቃተው ዱቄት ነው።

እንዳልኩት መሆኑን በቀላሉ ማረጋገጥ ይችላሉ። የታጠቡ ደረቅ ፎጣዎችን ወደ ማሽኑ ያስገቡና ምንም ሳሙና ሳይጨምሩ በ40 ዲግሪ ያስጀምሩት። ከ10 ደቂቃ በኋላ በመስታወቱ ይመልከቱ። ጥቂት አረፋ አያስደንግጥዎ። ውሃው ወተት ከመሰለ ወይም አረፋው መስታወቱን ከሸፈነ ግን ያ ባለፉት እጥበቶች የከፈሉበት ሳሙና ነው። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ያለ ሳሙና ይደጋግሙት። ለፎጣዎቹ ከየትኛውም ማለስለሻ የሚሻለው መድኃኒት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ መጠኑን ይለኩ። በግምት ወይም በእፍኝ ማድረግ ይቅር። በማሸጊያው ላይ ለልብሱ ክብደት፣ ለእድፉ ብዛትና ለውሃው ዓይነት የተጻፈ መጠን አለ። ለውሃዎ ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን ይጀምሩ፤ መስፈሪያው ላይ መስመር ያስምሩበትና የቤቱ ሰው ሁሉ በዚያ መስመር ይስፈር። ልብሱ ሳይጸዳ ከቀረ ብቻ በጥቂቱ ከፍ ያድርጉት። ለእጅ እጥበት የተዘጋጀ ዱቄት ግን ወደ ማሽን አያስገቡ፤ እርሱ የተሠራው ብዙ አረፋ እንዲያወጣ ነው። የማሽኑ ሳሙና ግን አረፋ የሚቀንስ ነገር አለው።

ሳሙና መጨመር ትክክል የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ውሃው ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ሲሆን ነው። እነዚህ ማዕድናት ሳሙናውን ይዘው ሥራ ያስፈቱታል። ውሃዎ እንደዚያ መሆኑን ለማወቅ ጥርት ያለ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው ውሃ ያድርጉ፤ ከተራ ደረቅ ሳሙና ጥቂት ፍቅፋቂ ጨምረው በኃይል ያናውጡት። አረፋው ከላይ ቆሞ ውሃው ከሥር ከጠራ ውሃዎ ለስላሳ ነው። አረፋ እምቢ ብሎ ውሃው ከደፈረሰና ነጭ ዝቃጭ ከታየበት ማዕድን በዝቶበታል። እንዲህ ያለ ውሃ የማሽኑን ማሞቂያም በነጭ ቅርፊት ይሸፍነዋል፤ በየጊዜው በሲትሪክ አሲድ ባዶውን ማጠብ ቅርፊቱን ያሟሟል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቆጥበው ከማይቆጠብበት ቦታ ነው። በእጥበት ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚበላው ከበሮውን ማዞሩ ሳይሆን ውሃ ማሞቁ ነው። ማሽኑ በዋናው እጥበት 15 ሊትር ያህል ውሃ ይወስዳል እንበል፤ ውሃው ሲገባ 20 ዲግሪ ይሁን። ይህን ውሃ 60 ዲግሪ ለማድረስ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ለ40 ዲግሪ ግማሹ፣ 0.35 ገደማ ይበቃል፤ ለ30 ዲግሪ ደግሞ 0.17 ብቻ። ስለዚህ መቀነስ ያለበት ሙቀቱ ነው እንጂ ጊዜው አይደለም። ማሽኑ ላይ «ኢኮ» የሚለውን ፕሮግራም ሰዎች ሦስት ሰዓት ሲል አይተው ይሸሹታል። የሚረዝመው ግን ሙቀቱን በጊዜ ስለሚተካ ነው፤ በሳሙናው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን፣ ስታርቹንና ቅባቱን ለመቆራረጥ ጊዜ ያገኛሉ። የ15 ደቂቃው ፕሮግራም የተሠራው አንድ ቀን ለተለበሱ፣ እድፍ ለሌለባቸው ጥቂት ሸሚዞች ነው። ሙሉ ጭነት ፎጣ በእርሱ ማጠብ ፎጣውን በሳሙና ማራስ ነው።

የዕለት ተዕለት ባለቀለም ልብስ በ30 ዲግሪ በረጅሙ ፕሮግራም ይበቃዋል። ጥቁሩን ገልብጠው በፈሳሽ ሳሙና ያጥቡት፤ ነጩ መስመር ይጠፋል። ፎጣ፣ የውስጥ ልብስ፣ አንሶላና የታመመ ሰው ልብስ ግን የልብሱ ምልክት ከፈቀደ 60 ዲግሪ ይገባቸዋል፤ እዚህ ላይ ሙቀት መሰሰት አይገባም። ለነጩ አንሶላ በኦክስጅን የሚሠራ ማንጫ ያለበት ዱቄት ይጠቀሙ። ፈሳሽ ሳሙና ይህ ማንጫ የለውም፤ ነጭ ልብስ በፈሳሽ ብቻ ለረጅም ጊዜ ሲታጠብ ግራጫ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ማንጫው በደንብ የሚሠራውም ከ40 ዲግሪ ጀምሮ ነው።

ከበሮውን ይሙሉት፤ አይጠቅጥቁት። ልብሱ ከገባ በኋላ ከላዩ መዳፍዎን በጎኑ ማስገባት ከቻሉ ልክ ነው። ግማሽ ጭነት ውሃውንም ኤሌክትሪኩንም ግማሽ አያደርገውም፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ እጥበት ከሁለት ግማሽ እጥበት ይረክሳል። ናይለንና ፖሊስተር የመሳሰሉ ልብሶች ግን ከጥጡ ያነሰ ጭነት ይፈልጋሉ፤ ስፋት ካጡ ይጨማደዳሉ።

ማለስለሻውን ከፎጣ ላይ ዛሬውኑ ያንሱ። ጨርቁን የሚያለሰልሰው ክሮቹን በስስ ሽፋን እየቀባ ስለሆነ ፎጣው ውሃ መምጠጡን ይቀንሳል፤ ላብ የሚመጥ የስፖርት ልብስም እንዲሁ። ፎጣ ሲደርቅ ድርቅ እንዳይል ከማስጣትዎ በፊት በኃይል ያራግፉት። በማለስለሻው ፋንታ ኮምጣጤ የሚጨምሩ አሉ፤ በየእጥበቱ ሲደጋገም የማሽኑን ጎማዎች ሊጎዳ ስለሚችል አልመክረውም። ኮምጣጤንና በረኪናን ግን በምንም ምክንያት አያገናኙ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ።

ስለ እድፍ ባጭሩ፦ ደም፣ ወተትና እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ ይነከራሉ፤ ሙቅ ውሃ ያረጋቸዋል። ቅባት ደግሞ ውሃ ሳይነካው በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይታሻል።

ሽታው እንዳይመለስ የታጠበው ልብስ ማሽኑ ውስጥ አይደር። ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የተባለ ባክቴሪያ እርጥብ ልብስ ላይ እየተራባ ያንን የሚያውቁትን ሽታ ያመጣል፤ በቀዝቃዛ አጭር እጥበትም በቀላሉ አይለቅም። ልብሱ እንዳለቀ አውጥተው፣ አየር በመካከሉ እንዲያልፍ አራርቀው ያስጡ። መጭመቂያውን ጨርቁ በሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ያድርጉት። ማድረቂያ ማሽን ካለዎት በተለይ ይህን አይርሱ፤ ውሃን በመጭመቅ ማስወጣት በሙቀት ከማትነን እጅግ ይረክሳል።

በእጅ ለሚያጥቡ አንባቢዎችም ነገሩ ያው ነው። ሳሙናው ልብሱ ከመግባቱ በፊት ውሃው ውስጥ ይሟሟ። ልብሱን 30 ደቂቃ መዘፍዘፍ ይበቃል። በዚያው ውሃ መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ ደማቁን፣ በመጨረሻ ጥቁሩን ማጠብ ይቻላል። ትልቁ ቁጠባ ግን ያለው ማለቅለቁ ላይ ነው። ተጨምቆ 2 ሊትር የሳሙና ውሃ የቀረበትን ልብስ በ18 ሊትር ውሃ አንድ ጊዜ ቢያለቀልቁትና መልሰው ቢጨምቁት የሳሙናው አንድ አስረኛ ይቀራል። ያንኑ 18 ሊትር በሦስት ከፍለው በ6 በ6 ሊትር ቢያለቀልቁት፣ በየመካከሉም እየጨመቁ፣ የሚቀረው አንድ ስድሳ አራተኛው ብቻ ነው። ውሃው አልጨመረም፤ ልዩነቱን ያመጣው መጭመቁ ነው።

የእርስዎን ማሽን በተመለከተ ደግሞ መሳቢያውን ነቅለው በሙቅ ውሃ ይቦርሹት። የበሩን ጎማ እጥፋት ገልጠው ይጥረጉ። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው፣ ከሥር ዝርግ ዕቃ አስቀምጠው ማጣሪያውን ያጽዱ። ከዚያ ባዶውን፣ ማንጫ ባለበት ዱቄት፣ ባለው ከፍተኛ ሙቀት አንድ ዙር ያጥቡት፤ በወር አንድ ጊዜም ይድገሙት። ካጠቡ በኋላ በሩን ገርበብ አድርገው ይተዉት፤ ትንንሽ ልጆች ካሉ ግን ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ይጠንቀቁ።

በዚህ ባዶ እጥበት ላይ ማሽኑንም ይፈትኑት። ከጀመረ ግማሽ ሰዓት በኋላ የበሩን መስታወት በእጅዎ ይንኩት። ከሞቀ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከሳሙናው ጋር ያበቃል። እንደቀዘቀዘ ከቆየ ግን ማሞቂያው ወይም ሙቀቱን የሚለካው ክፍል ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይጥሩ። ሁለቱም ለብቻቸው የሚቀየሩ ክፍሎች ናቸው፤ ሙሉውን ማሽን ለመቀየር ምክንያት አይሆኑም።