ከኒዮሊበራሊዝም በኋላ ምን ይመጣል ለምትሉኝ ልጆች

ልጆቼ፣

ኢኮኖሚክስ የምታጠኑትም፣ ሥራ የጀመራችሁትም ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። ኒዮሊበራሊዝም፣ ማለትም መንግሥት ከገበያው እጁን ያንሣ የሚለው አስተሳሰብ፣ አበቃለት ይባላል፤ ታዲያ ቀጥሎ የሚመጣው ምንድነው? ሶሻሊዝም ነው? የቻይና መንገድ ነው? ወይስ ገና ስም ያልወጣለት ሌላ ነገር?

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ባንክ ውስጥ፣ ብድር ክፍል ነው። በደርግ ጊዜ ተቀጥሬ በኢሕአዴግ ዘመን ጡረታ ወጣሁ። ቲዎሪውን ከእኔ የተሻለ የሚያስረዷችሁ መምህራን አሏችሁ። እኔ የማውቀው የብድር ፋይል ነው። ብድር ክፍል የሚሠራ ሰው ፋይል ሲቀርብለት ከትርፉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ይሄ ነገር ቢከስር ዕዳውን ማን ይከፍላል? ስለ ኢኮኖሚ ሥርዓትም የምመክራችሁ ይህንኑ እንድትጠይቁ ነው። ስሙ አያስጨንቃችሁ። ኪሳራው ማን ላይ እንደሚወድቅ እዩ።

በደርግ ጊዜ ባንኮቹ ሁሉ የመንግሥት ነበሩ፤ በ1967 ዓ.ም. ተወርሰዋል። የወለድ ተመኑ ለመንግሥት ድርጅትና ለኅብረት ሥራ ማኅበር ዝቅ ያለ፣ ለግል ነጋዴ ከፍ ያለ ነበር። የመንግሥት እርሻዎች ሲከስሩ የሚጠየቅ አልነበረም። ገበሬው ግን እህሉን ከገበያው በታች በተቆረጠ ዋጋ፣ በኮታ ያስረክብ ነበር። ኮታው ያልሞላለት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስገባ ነበር። በጭቁኖች ስም የቆመው ሥርዓት ሸክሙን ያወረደው ጭቁኑ ላይ ነው። ይህንን ያየ ሰው "መንግሥት ይግባበት" ሲባል ወዲያው አያጨበጭብም።

ወደ ኒዮሊበራሊዝም ልምጣ። ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 እነ ኢኮኖሚስቱ ሃየክ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞንት ፔለሪን በሚባል ቦታ ተሰብስበው መክረውበታል። የእንግሊዟ ታቸርና የአሜሪካው ሬገን ደግሞ መንግሥታዊ ፖሊሲ አደረጉት። ከዚያ በዓለም ባንክና በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በአይኤምኤፍ በኩል የእኛን ዓይነት አገሮች በር አንኳኳ። ከሁሉም ቀድማ የሞከረችው ግን ቺሌ ናት። ጊዜ ካላችሁ ቺሌን አጥኑ፤ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ታስተምራለች።

እ.ኤ.አ. በ1973 ጄኔራል ፒኖቼ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ የቺሌ ኢኮኖሚስቶች ዕቅዱን ይዘው ቀረቡ። የዋጋ ቁጥጥር ተነሣ፤ የመንግሥት ድርጅቶች ተሸጡ። እ.ኤ.አ. በ1981 የሠራተኛው ጡረታ ለግል ኩባንያዎች ተሰጠ። ሠራተኛው ከደመወዙ 10 በመቶ ይቆጥባል፤ አሠሪው ለዚህ ቁጠባ ምንም አያዋጣም ነበር። ገበያው ከወረደ የሚያንሰው የሠራተኛው ጡረታ ነው። ወታደሮቹስ? ሠራዊቱና ፖሊሱ በድሮው፣ መንግሥት በሚከፍለው ጡረታ ቀሩ። ሥርዓቱን በጠመንጃ ያመጡት ሰዎች ለራሳቸው አልፈለጉትም። ብዙ ሳይቆይ በ1982 ቀውስ መጣ። ባንኮቹ ሲንገዳገዱ ያው ነፃ ገበያ ሲል የነበረ መንግሥት ገብቶ ተረከባቸው።

እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ፣ ዴሞክራሲ ከተመለሰ በኋላ፣ ቺሌ ውስጥ ድህነት በብዙ ቀንሷል። ይህንን መካድ አይገባም። ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የሳንቲያጎ ሜትሮ ታሪፍ 30 ፔሶ ሲጨመር አገሩ በተቃውሞ ተናወጠ። ሰልፈኛው "ነገሩ የ30 ፔሶ ሳይሆን የ30 ዓመት ነው" ይል ነበር። በቀጣዩ ዓመት 78 በመቶው ድምፅ ሰጪ አዲስ ሕገ መንግሥት ይጻፍ አለ። ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2022 ረቂቁን 62 በመቶው አልቀበልም አለ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ረቂቅ ቀረበ፤ እሱም ወደቀ። ይህ ታሪክ ለእናንተ ለወጣቶቹ በጣም የሚጠቅም ይመስለኛል። "ይሄ ይብቃን" ላይ መስማማት ይቻላል። "በምትኩ ምን ይሁን" ላይ መስማማት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ደግሞም ተስፋ አትቁረጡ። ሕገ መንግሥቱ ባይቀየርም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አሠሪዎች ለሠራተኛው ጡረታ ቀስ በቀስ እንዲያዋጡ የሚያደርግ ሕግ ወጥቷል። አደባባይ የተጠየቀው ሁሉ አልተገኘም፤ ከሸክሙ የተወሰነው ግን ትከሻ ቀየረ።

እ.ኤ.አ. የ2008ቱን የገንዘብ ቀውስ ታውቁታላችሁ። ሌማን ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ወደቀ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ባንኮችን ለማዳን 700 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። ትርፉ የግል፣ ኪሳራው የሕዝብ ሆነ። ብዙ ሰው በነፃ ገበያ ስብከት ላይ የነበረው እምነት ያኔ ተሰበረ። ዛሬ ስብከቱን የጀመሩት ራሳቸው ትተውታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ለኮምፒውተር ቺፕ ኢንዱስትሪዋ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚመድብ ሕግ አወጣች። በ2025 ደግሞ በመላው ዓለም ዕቃ ላይ የጉምሩክ ታሪፍ ቆለለች። በድሮው መመሪያ ድጎማም ታሪፍም ነውር ነበር። መንግሥት ተመልሶ መጥቷል፤ በዚህ አልጠራጠርም።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። መንግሥት ተመለሰ ማለት ፍትሕ መጣ ማለት አይደለም። ይህንን እኛው አገር አይተነዋል። በ1985 ዓ.ም. ብር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር በዶላር ወረደ፤ በ1986 የግል ባንክ ተፈቀደ። ያኔ ገበያው ሲከፈት ብዙ ሰው እፎይ ብሏል፤ እኔም ብያለሁ። ቆይቶ ልማታዊ መንግሥት መጣ። አቶ መለስ ኒዮሊበራሊዝም አፍሪካን የትም አያደርስም ብለው ጽፈዋል፤ ከትችታቸው ብዙው ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። አሠራሩን ግን ከብድር ክፍል ሆናችሁ እዩት።

በ2003 ዓ.ም. አንድ መመሪያ ወጣ። የግል ባንክ ሲያበድር የብድሩን 27 በመቶ ያህል የብሔራዊ ባንክ የዕዳ ሰነድ እንዲገዛ ተገደደ። አንድ ነጋዴ 1 ሚሊዮን ብር ሲበደር ባንኩ ሌላ 270 ሺህ ብር ፈልጎ ለመንግሥት ያስገባል ማለት ነው። የሰነዱ ወለድ መጀመሪያ 3 በመቶ ነበር። ለቆጣቢው የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 5 በመቶ። የዋጋ ንረቱ ከ20 በመቶ በላይ የወጣባቸው ዓመታት ነበሩ። እንግዲህ አስሉት። ደብተር ይዛ መጥታ ለልጇ ማሳደጊያ ብላ ብር የምታስቀምጥ እናት ሳታውቀው ለትልልቅ ፕሮጀክቶች ድጎማ ትከፍል ነበር። መንገዱ ተሠርቷል፤ ዓባይም ተገድቧል። እኔም እንደማንም ኢትዮጵያዊ ኮርቻለሁ። የስኳር ፋብሪካዎቹ ግን ከነዕዳቸው ተጓተቱ፤ የመንግሥት ድርጅቶች ዕዳ በመቶ ቢሊዮኖች ሲቆጠር ዞሮ ዞሮ የግምጃ ቤቱ፣ ማለትም የግብር ከፋዩ ሆነ። ፕሮጀክቱን የመረጠው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ።

መመሪያው በ2012 ዓ.ም. ተነሣ። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ከአይኤምኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር መጣ። ዓለም ወደ ታሪፍና ወደ ድጎማ ሲዞር እኛ በራችንን መክፈታችን ነው። ኤክስፖርት ላይ ላለ ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል። የደመወዝተኛው ነገር ግን ያስጨንቀኛል፤ ዘይቱንም መድኃኒቱንም በአዲሱ ምንዛሪ እየገዛ ደሞዙ በዚያው ፍጥነት አላደገም። የማስተካከያው ወጪ የተጻፈው በእሱ ስም ነው።

ታዲያ የተሻለው የት አለ? ስፔን ውስጥ በባስኮች አገር ሞንድራጎን የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብስብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 ተጀምሮ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሉት። ብዙዎቹ ሠራተኞች ባለቤቶችም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የማብሰያና የፍሪጅ ፋብሪካው ፋጎር ከሰረ። ከባድ ውድቀት ነበር፤ ገንዘባቸውን ያጡም አሉ። ግን ከአባል ሠራተኞቹ አብዛኛዎቹ ወደ ሌሎቹ ማኅበራት ተዛወሩ፤ ወይም ቀደም ብለው ጡረታ ወጡ። ሌሎቹ ማኅበራት ቦታ ከፈቱላቸው። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መክሰር የማይቀር ነው፤ የወደቀውን ሰው ማን እንደሚያነሣው ግን ቀድሞ ታስቦበት ነበር። እኛም ዕቁብና ዕድር ያለን ሰዎች ነን፤ ሐሳቡ አይከብደንም። የሚከብደን ሂሳቡን በግልጽ መያዙና ኦዲት ማስደረጉ ነው።

የምለምናችሁም ይህንኑ ነው። ባላንስ ሺት፣ ማለትም የሀብትና የዕዳ መግለጫ፣ ማንበብ ተማሩ፤ ሕግም ሕክምናም ብታጠኑ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ በጀት ሲቀርብ ከንግግሩ ይልቅ የዕዳ ክፍያው ስንት እንደሆነ ፈልጉ። ሕጎችን አንብቡ፤ ትንሽ የሚመስሉት ናቸው ኑሮ የሚቀይሩት። ለምሳሌ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከብትም፣ ሰብልም፣ ማሽንም ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። በእኔ ጊዜ ቤት ወይም መኪና የሌለው ሰው ፋይሉ አይከፈትም ነበር። አራት ማሽን ያላት ልብስ ሰፊ ሥራዋን እያየሁ ባዶ እጇን ሸኝቻታለሁ፤ ደንቡ አይፈቅድማ። አሁን ደንቡ ይፈቅዳል። ባንኮቹ በእርግጥ እየሠሩበት ነው ወይ? ይህንን የሚከታተል ወጣት ስለ ቀጣዩ ሥርዓት ከሚከራከረው ይልቅ ለቀጣዩ ሥርዓት ቅርብ ነው።

አሁን ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ሕግ ወጥቷል። ስትከራከሩበት አይቻለሁ፤ ግማሹ ተሸጥን ይላል፣ ግማሹ ተገላገልን። እናንተ ሲገቡ ለማን እንዳበደሩ ቁጠሩ። ለገበሬው ስንት፣ ለአስመጪው ስንት፣ አዲስ አበባ ላይ ስንት፣ ወረዳ ከተሞች ላይ ስንት። ብድሩ ሲበላሽስ ማን ከፈለ? ይህንን ጽፋችሁ ብትልኩልኝ ቁጭ ብዬ አነባለሁ፤ መልስም እጽፍላችኋለሁ።