በቨርጂኒያ ጅረት ዳር የድንጋይ ጦር ጫፍ ፍለጋ፦ ጠይቁኝ

ቅዳሜ ጅረት ዳር ያገኘኋትን፣ የጥንት ነባር አሜሪካውያን የጠረቧትን ነጭ የድንጋይ ጫፍ ፎቶ ካያችሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። እነሆ መልሱ።

ጋሼ፣ መቼ ነው የሚወጡት?
ከባድ ዝናብ ጥሎ ውሃው ሲጎድልና ሲጠራ። ጎርፍ ዳርቻውን ይንድና አዲስ ጠጠር ያወጣል። ጅረቱ በሚታጠፍበት ውስጠኛው በኩል የተከማቸውን ጠጠር እዩ።

ከተራ ጠጠር በምን ይለዩታል?
ወንዝ ያንከባለለው ድንጋይ ልሙጥ ነው። ሰው የጠረበው ግን በሁለቱም ፊት ትንንሽ ፍንካች የተነሳለት ነው፤ ጠርዙን በጣትህ ስትዳስሰው ይሻክራል። የቅዳሜዋ ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። ከሥሯ ግራና ቀኝ ገባ ገባ ብላለች፤ ከእንጨቱ ጋር በጅማት የምትታሰረው እዚያ ላይ ነው። እኛ አካባቢ የሚበዛው ነጭ ኳርትዝ ነው። እልኸኛ ድንጋይ ስለሆነ እንደልብ አይጠረብም፤ ስለዚህ መጽሐፍ ውስጥ ባሉ ፎቶዎች ላይ የምታዩትን ስስ ውበት አትጠብቁ። የመጀመሪያው ዓመት ኪሴን ሞልቼ ያመጣሁት በሙሉ ተራ ጠጠር ነበር። ባለቤቴ የአበባ ማሰሮዋ ላይ በተነችው።

የቀስት ጫፍ ነው?
አብዛኛው አይደለም። ቀስት ወደ ምሥራቅ አሜሪካ የደረሰው ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የጦር፣ ወይም በመወርወሪያ እንጨት የሚወነጨፍ ዘንግ ጫፎች ናቸው። ትንሽ፣ ስስና ባለሦስት ማዕዘን ከሆነች የቀስት ልትሆን ትችላለች።

ፓርክ ውስጥ ባገኝስ?
እንዳትነካ! ፎቶ አንሳና ለጠባቂዎቹ ንገር። በፌዴራል መሬት ላይ ያለፈቃድ መቆፈር እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሕግ ያስቀጣል። እኔ የምሄደው ባለቤቱን አስፈቅጄ የግል እርሻ ውስጥ ነው፤ እዚያም አልቆፍርም።

አገር ቤት ስሄድ ልፈልግ?
ሂድና እይ እንጂ አትልቀም። ባልጩት የሚባለው ጥቁር እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ስሙን ያወረሰው ባልጩት የተባለ ቦታ፣ መልካ ቁንጥሬ ከሚባለው የጥንት ሰዎች ቅሪት መገኛ አጠገብ ነው፤ ሁለቱንም ቦታዎች በ2024 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ዝዋይ አቅራቢያ ጋደሞታ ላይ ደግሞ ከ279,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት ጦር ጫፎች ተገኝተዋል። ከዚያ ጋር ሲተያይ የቅዳሜዋ ገና የትናንት ልጅ ናት። ግን ቅርስ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ከተህ ቦሌ ላይ እንዳትዋረድ።

በምን ልጠባት?
በውሃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ያገኘህበትን ቦታና ቀን ግን ከማጠብህ በፊት ጻፍ፤ እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን የት እንዳነሳኋቸው እስከዛሬ አላስታውስም።