ያቋረጣችሁትን ዲግሪ ስለመጨረስ፦ ጥያቄና መልስ

ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ሥራ እየሠሩ፣ ልጅ እያሳደጉ ያቋረጡትን ትምህርት ሊጨርሱ የሚመጡ ሰዎችን ፋይል ማገላበጥ የየዕለት ሥራዬ ነበር። ጠይቁኝ ብዬ የላካችሁልኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ አካውንቲንግ 3ኛ ዓመት ላይ በ2004 አቋረጥኩ። ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) አልሞላሁም፣ ዝም ብዬ ነው የቀረሁት። አሁን ባንክ እሠራለሁ። ከዜሮ ልጀምር?

ኧረ በፍጹም! እህቴ፣ ሌላ ኮሌጅ ሄደሽ አንድ ብር ከመክፈልሽ በፊት የድሮ ግቢሽ ሬጅስትራር ሄደሽ ስቱደንት ኮፒሽን፣ ማለትም የውጤት ወረቀትሽን አውጪ። ዊዝድሮዋል ሳይሞላ የቀረ ሰው የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ያቋረጠበት ሴሚስተር ላይ ነው። አንድ አባወራ ሁሉም ነገር ጠፍቷል ብሎ ተስፋ ቆርጦ መጥቶ ወረቀቱን አብረን ስናየው፣ ላይ ያሉት ሴሚስተሮች በሙሉ ቢና ሲ ናቸው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ኤንጂ፣ ኤንጂ፣ ኤንጂ (ውጤት የለም ማለት ነው) ተደርድሯል። ችግሩ ያቺ አንድ ሴሚስተር ብቻ ነበረች። ሲጂፒኤሽ (አጠቃላይ አማካይ ውጤትሽ) 2.00 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ለሪአድሚሽን፣ ማለትም ተመልሶ ለመግባት፣ ጥሩ መነሻ አለሽ።

ከዚያ ወረቀቱን ይዘሽ ዲፓርትመንት ኃላፊው ጋ ትገቢያለሽ፤ የትኛው የድሮ ኮርስ በየትኛው አዲስ ኮርስ እንደሚተካ የሚያየው ዲፓርትመንቱ ነውና። ያኔ 3 ዓመት የነበረው ዲግሪ ከ2012 ጀምሮ የፍሬሽማን ኮርሶች ገብተውበት 4 ዓመት ሆኗል፣ ስለዚህ የተወሰነ ጭማሪ ቢሉሽ አትደንግጪ። ትራንስክሪፕትሽ ላይ 5 ኢሲቲኤስ (ሌላው የኮርስ ክብደት መለኪያ) የሚል ካለ በ3 ክሬዲት አወር አስቢው። ውሳኔውን ግን በደብዳቤ፣ ማኅተም ያረፈበት አድርገሽ ተቀበይ። ኃላፊው በቃል «ችግር የለም» ብሎሽ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሊቀየር ይችላል፣ አዲሱ ሰው ደግሞ የማያውቀውን ቃል አያከብርልሽም።

ጥያቄ፦ እኔ የገባሁት የመውጫ ፈተና ከመጀመሩ በፊት ነው። ይመለከተኛል?

አዎ ይመለከትሃል። ከ2015 ወዲህ የሚታየው የምትመረቅበት ጊዜ ነው። የመንግሥትም የግልም ተማሪ ይፈተናል፣ በኮምፒውተር ነው፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ብትወድቅ ድጋሚ መቀመጥ ትችላለህ። ትልቁ ችግር ፈተናው ከዋና ዋና ኮርሶች የሚወጣ መሆኑና አንተ እነዚያን ኮርሶች ከዓመታት በፊት ተምረህ የረሳሃቸው መሆንህ ነው። አካውንታንት ከሆንክ ፋይናንሻል አካውንቲንጉን ሥራህ ያስታውስሃል፤ ኮስትና ኦዲት ግን ቁጭ ብሎ ማንበብ ይፈልጋሉ። የመጨረሻዎቹን ኮርሶች እየወሰድክ ጎን ለጎን ጀምረው።

ጥያቄ፦ ርቀት ይሻለኛል ወይስ ቅዳሜና እሁድ?

ከተማ ካለህ ቅዳሜና እሁድ፣ ያለ ማመንታት። የርቀት ሞጁል ብፌ ላይ ተቀምጦ አቧራ ሲለብስ ብዙ አይቻለሁ፣ ሰው ፊት ለፊት የሚጠይቅህ ከሌለ የሥራ ድካም ያሸንፍሃል። ገጠር ወይም ፊልድ የምትሠራ ከሆነ ግን ከርቀት ሌላ አማራጭ የለህም። የግል ከሆነ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለፕሮግራሙ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ለየብቻ ነው። «ኮሌጁ ዕውቅና አለው» ሲሉህ አትለፈው፣ ለዚህ ካምፓስ፣ ለዚህ ትምህርት፣ ለማታው ወይም ለርቀቱ የተሰጠውን ደብዳቤ አሳዩኝ በል።

ጥያቄ፦ የወጪ መጋራት አልከፈልኩም። ያግደኛል?

ማቋረጥህ ዕዳውን አይሰርዘውም። ወደ ሌላ ተቋም ለመዛወር ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕዳው ሳይስተካከል አይላክም። ስለዚህ ከዚያ ጀምር፤ የተማርክባቸው ዓመታት ሂሳብ ስንት እንደሆነ ጠይቅና ክፍያውን ጨርስ ወይም ተስማማ።

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ከልጆች ጋር መቀመጡ ያሳፍረኛል፣ ጊዜም የለኝም።

እናቴ፣ የማታ ክፍል ውስጥ ቢገቡ እኩዮችዎን ያገኛሉ፤ ነርሱ፣ መምህሩ፣ ፖሊሱ ሁሉ ከሥራ መልስ እዚያ ነው ያለው። ጊዜውን በተመለከተ፣ የቻሉትን ያህል ዘግይተው ይጨርሱ እንጂ ሙሉ ሎድ አይውሰዱ። በሴሚስተር ሁለት ኮርስ፣ ከነሱም አንዱ ቀለል ያለ ይሁን። ብዙ ሰው ተመልሶ የሚያቋርጠው በመጀመሪያው ሴሚስተር አምስት ኮርስ ተሸክሞ ነው፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ያ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲያቋርጥ «አልችልም» ብሎ ያምናል። ለክፍያው ዕቁብ ካለዎት ዕጣዎን ከምዝገባው ወር ጋር እንዲያገጥሙልዎ ዳኛውን ያነጋግሩ። መሥሪያ ቤትዎ በጀት የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ሰኔን ይፍሩ፤ የዓመቱ መጨረሻ ፈተናና የሰኔ 30 ሂሳብ መዝጊያ አንድ ላይ ይመጣሉ። የዓመት ፈቃድዎን ቀደም ብለው ለሰኔ ያስይዙ፣ አለቃዎም ከአሁኑ ይወቁት።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ ኡበር እነዳለሁ። አዲስ አበባ 2 ዓመት ተምሬ ነበር። ይያዝልኛል?

ሊያዝልህ ይችላል፣ ግን መጀመሪያ ልትገባበት የምትፈልገውን ኮሌጅ የውጭ አገር ትምህርት ማስረጃ ከሚገመግሙት ድርጅቶች የየትኛውን ግምገማ እንደሚቀበል ጠይቅ፣ ካልሆነ ሁለቴ ትከፍላለህ። የግምገማ ድርጅቶቹ ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲመጣ ሊጠይቁ ስለሚችሉ አዲስ አበባ ውክልና የሰጠኸው የሚሯሯጥ ሰው ያስፈልግሃል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምር፣ ይረክሳል፣ ኦንላይን ኮርስም አለው። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ካለህ ፋፍሳ (የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ) ሙላ፤ መሙላቱ ነጻ ነው፣ የማይመለሰው ድጋፍ ፔል ግራንትም የዕድሜ ገደብ የለውም።

ጥያቄ፦ ወረቀቱን ራሱ የሚያስጨርስ ሰው አለ አሉኝ።

አይሆንም። ሐሰተኛ ማስረጃ ወንጀል ነው፣ መሥሪያ ቤቶችም ከሰጪው ተቋም ጋር እያመሳከሩ ነው። ሥራህንም ታጣለህ።

ጥያቄ፦ የመታወቂያ ቁጥሬን ረስቻለሁ፣ ፋይሌ ይገኛል?

ይገኛል። ሙሉ ስምህን ከነአያትህ፣ ዲፓርትመንትህንና የገባህበትን ዓመት ጽፈህ ሂድ። ስሙ 12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትህ ላይ እንዳለው ይሁን፤ የ«ኃይሌ» እና የ«ሀይሌ» ልዩነት ብቻ የፋይል ፍለጋውን በቀናት ሊያራዝመው ይችላል። የምዝገባ ሰሞን አትሂድ፣ ሰልፉ አያስጠጋህም፣ ክረምት መግቢያ ላይ ሂድ።