ለጀማሪ ጠበቆች፦ መጀመሪያ ቀኑን ጠይቁ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ላይ መሥራት የምትፈልጉ ልጆች አልፎ አልፎ ቢሮዬ ብቅ ትላላችሁ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሻይ እየጠጣን ያወራናችሁም አላችሁ። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ ችሎት ፊት እንዴት እንደሚከራከሩ ነው። እሱ ይደረስበታል። ደንበኛ ከፊታችሁ ሲቀመጥ በመጀመሪያ ልትጠይቁት የሚገባው ግን ቀኑን ነው።

ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ መክሰስ የሚችለው በሦስት ወር ውስጥ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ደግሞ ስድስት ወር ካለፈው በይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለመክሰስ የሰጠው ጊዜ በማለፉ፣ ይታገዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ይላል፤ ከእሱ በፊት የነበረው 377/1996ም ይህንኑ ይል ነበር። ክፍል ውስጥ ስታነቡት አንድ መስመር ነው። ድሬዳዋ ላይ ያ መስመር ስንት ቤት እንዳናጋ እኔ አይቻለሁ።

የእኛ ሰው ክስ አይወድም። ከአለቃው ጋር አንድ ሰፈር ይኖራል፤ ሠርግና ለቅሶ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ሲባረር መጀመሪያ የሚሄደው ሽማግሌ ዘንድ ነው። ሽማግሌዎቹ "ትንሽ ታገሥ፣ እያነጋገርነው ነው" ይሉታል። አለቃው "በዓሉ ይለፍና እናያለን" ይላል። ከዚያ ረመዳን ይገባል፣ ሁዳዴ ይገባል፣ ፋሲካ ይመጣል። ማንም ክፉ ላያስብ ይችላል፤ ይርጋው ግን መቁጠሩን አያቆምም። ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ ወደ ጠበቃ ሲመጣ ሦስቱ ወር አልቋል።

ሽምግልና ብቻውን ይርጋ አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ጉዳዩን ሥልጣን ላለው አካል ማቅረብ ነው፤ ወይም አሠሪው የሠራተኛውን መብት በግልጽ ማመኑ። እሱንም ቢሆን በወረቀት ካልያዛችሁት ማስረዳት ይከብዳችኋል። እኔ ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ችሎት ያላስታረቃቸውን ሰዎች ሽማግሌ ሲያስታርቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ደንበኛችሁን ሽማግሌ አትከልክሉት። ክሱን ግን አስገቡ፤ ዕርቁ ከሰመረ ይነሣል። ሠራተኛ ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ ስለማይጠየቅ በዚህ በኩል የሚከስረው ነገር የለም።

አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ መጋቢት አጋማሽ ላይ ወረቀቶቿን በፌስታል ይዛ መጣች። የሥራ መታወቂያዋ፣ የክሊኒክ ወረቀት፣ የደበዘዙ የደመወዝ ደረሰኞች፣ ከሥር ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ የስንብት ደብዳቤ። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ታኅሣሥ 3 ነው። በዚያ ቀን ከተቆጠረ ጉዳዩ አልቋል። "መቼ ነው እጅሽ የገባው?" አልኳት። "ጥር ላይ ነው፣ ጥበቃው ነው የሰጠኝ፤ እስከዚያ ስሠራ ነበር" አለች። ድርጅቱ የሰዓት ፊርማውንና ደብዳቤ የሰጠበትን መዝገብ እንዲያቀርብ ጠየቅን። ታኅሣሥን ሙሉ ፈርማለች። መዝገቡ ላይ ደብዳቤውን የተቀበለችበት ቀን ጥር 9 ነው። ድርጅቱ ያነሣው የይርጋ መቃወሚያ ውድቅ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ስንብቱ ምክንያት መከራከር የቻልነው። ፌስታሉን እስከ ታች ዘርግፉት የምላችሁ ለዚህ ነው።

ሒሳብም ልመዱ። ፔሮል፣ የደመወዝ መክፈያውን ዝርዝር፣ ማንበብ የማይችል ጠበቃ ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል። በወር 6,240 ብር የሚከፈለው ሰው፣ በወሩ 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል፣ ሰዓቱ 30 ብር ነው። ከመደበኛ ሰዓቱ አልፎ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሲሠራ አንድ ተኩል እጥፍ፣ 45 ብር ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ ማለትም 52.50 ብር። በሳምንት ዕረፍቱ ቀን 60፣ በሕዝብ በዓል 75 ብር። "የትርፍ ሰዓት ክፍያ አልተከፈለኝም" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። የትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ በስንት ተባዝቶ የሚለውን በሠንጠረዥ አያይዙ። ዳኛው ያመሰግናችኋል፤ የተከሳሽ ጠበቃም ብዙ ጊዜ ለመስማማት የሚደውለው ያንን ሠንጠረዥ ካየ በኋላ ነው።

ደንበኛችሁ በአዋጁ የሚሸፈን መሆኑንም ቀድማችሁ አጣሩ። የሥራ መሪ፣ የቤት ሠራተኛና የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አይዳኙም።

አሠሪን መወከል ነውር ነው ብላችሁ የምታስቡ አላችሁ። አይደለም። እኔ በሁለቱም በኩል ሠርቻለሁ። ጥሩ አማካሪ ያለው አሠሪ ሰው ከማባረሩ በፊት ይደውላል፤ ብዙ ስንብት የሚቀረው እዚያ ስልክ ላይ ነው። ለእነሱም የምትጠይቁት ቀኑን ነው። አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብትበትን ጥፋት ካወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱን ያጣል። "መዝግቤ ይዤበታለሁ፣ አንድ ቀን አወጣዋለሁ" የሚል ሥራ አስኪያጅ ሲገጥማችሁ ይህን ፊት ለፊት ንገሩት።

ይህች ከተማ በሠራተኛ የተሠራች ከተማ ናት። የመጣችው ከባቡሩና ከጋራዡ ጋር ነው፤ ሲሚንቶውና ጨርቃ ጨርቁ ተከተሉ፤ አሁን ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። የምድር ባቡር ሠራተኞች የመደራጀት ጥያቄ ያነሡት ስለ ሠራተኛ መደራጀት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 210/1956 ከመውጣቱ በፊት ነው። ኦሮምኛና ሶማልኛ የማትችሉ ካላችሁ ከአሁኑ ጀምሩ። ምስክር ጉዳዩን ለእናንተ በአስተርጓሚ ሲነግራችሁና አጠገባችሁ ተቀምጦ በራሱ ቋንቋ ሲያወራችሁ የምትሰሙት እኩል አይደለም። የሰበር ውሳኔዎችንም አንብቡ፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም ሥር ያሉትን ፍርድ ቤቶች ስለሚያስገድድ የአዋጁ አንቀጽ ብቻውን አይበቃችሁም።

ከፈረዱላችሁ በኋላ ፋይሉን አትዝጉ። "ወደ ሥራ ትመለስ" ተብሎ የተፈረደላት ሴት በማግስቱ በር ላይ "እንድናስገባሽ አልታዘዝንም" ትባላለች፤ ወይም አስገብተው ያለ ሥራ ወንበር ላይ ያስቀምጧታል። የፍርዱን ግልባጭ በቶሎ አውጡና ፍርዱ እንዲፈጸም የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቱ። ድርጅቱ የሚላትን ሁሉ ከነቀኑ ጽፋ እንድትይዝ ንገሯት። በየሳምንቱ ደውሉላት፤ ውዝፍ ደመወዟ እጇ እስኪገባና ወደ ፈረቃዋ እስክትመለስ ጉዳዩ የእናንተ ነው።